ከአናሎግ ወደ ዲጂታል፦ ሥራው የሚጀምረው ከጠረጴዛው ሥር ነው

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሦስት አንባብያን የሞዴል ባቡር መስመርን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ቁጥጥር ስለማዛወር ጽፈውልናል። ጥያቄዎቻቸው ተያያዥ ስለሆኑ በዚህ እትም በአንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ኤችኦ በተባለው የሞዴል መጠን የተሠራና በስድስት ብሎኮች (ለየብቻቸው ኃይል በሚያገኙ የሐዲድ ክፍሎች) የተከፈለ የሞዴል ባቡር መስመር አለኝ። የምቆጣጠረው በሁለት አናሎግ የዲሲ (የቀጥተኛ ጅረት) መቆጣጠሪያዎች ሲሆን፣ እያንዳንዱን ብሎክ ከአንደኛው ወይም ከሌላኛው ጋር የሚያገናኙ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉት። ሁለት ባቡሮች በአንድ ጊዜ ሲሄዱ ባቡሮቹን ከማየት ይልቅ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ስከታተል ስለምውል ወደ ዲጂታል ለመቀየር ወስኛለሁ። ሎኮሞቲቮቼ ግን ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር አልችልም። ግማሹን መስመር በዲጂታል፣ ግማሹን በአናሎግ እያስኬድኩ ቀስ በቀስ ልሸጋገር? የቀድሞው የሽቦ ሥራስ መፍረስ አለበት?

መልስ፦ ቀስ በቀስ መሸጋገር ይቻላል፤ ቀስ በቀስ የሚቀየሩት ግን ሎኮሞቲቮቹ እንጂ ሐዲዱ መሆን የለበትም። ሐዲዱ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ይዛወር፤ ዲኮደር (የዲጂታሉን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚያዝ ትንሽ ሰሌዳ) ያልተገጠመላቸው ሎኮሞቲቮች ተራቸው እስኪደርስ መደርደሪያ ላይ ይቆዩ። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ሁለቱ ሥርዓቶች ወደ ሐዲዱ የሚልኩት ኃይል በባሕርዩ የተለያየ ስለሆነና በምንም መንገድ መገናኘት ስለሌለበት ነው።

በአናሎግ ሥርዓት ሐዲዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ራሱ ትእዛዝ ነው። ቮልቴጁ ከ0 እስከ 12 ቮልት ከፍ ሲል ሎኮሞቲቩ ይፈጥናል፣ ፖላሪቲው (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጡ) ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በአንድ ብሎክ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቮች ካሉ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። በዲጂታል ሥርዓት ግን ሐዲዱ ባቡሩ ቆሞም ሆነ እየሄደ ሙሉ ቮልቴጅ ይይዛል፤ ለኤችኦ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 16 ቮልት አካባቢ ነው። ይኸው ቮልቴጅ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ፖላሪቲውን እየገለበጠ መልእክት ያስተላልፋል። መሠረቱ በጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ተጥሎ፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መለኪያ አድርጎ ባጸደቀው ዲሲሲ በተባለው ሥርዓት፣ እያንዳንዱ አጋማሹ 58 ማይክሮሰከንድ የሚቆይ ምት አንድ ማለት ሲሆን፣ 100 ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚቆየው ደግሞ ዜሮ ማለት ነው። በሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ዲኮደር እነዚህን ምቶች አንብቦ፣ መልእክቱ በራሱ አድራሻ የመጣ ከሆነ ለሞተሩ የሚገባውን ያህል ኃይል ይሰጣል፤ ካልሆነ ያልፈዋል። ብዙ ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ያለ ብሎክ መከፋፈል በየራሳቸው ፍጥነት መሄድ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን እርስዎ ያሰቡትን ግማሽ ለግማሽ መስመር እንመልከት። አንድ ሎኮሞቲቭ ከዲጂታሉ ክፍል ወደ አናሎጉ ሲሻገር፣ የፊት ጎማዎቹ አናሎጉ ላይ፣ የኋላ ጎማዎቹ ዲጂታሉ ላይ የሚሆኑበት ቅጽበት አለ። በዚያ ቅጽበት ከጎማዎቹ ኃይል የሚሰበስበው ሽቦ ሁለቱን የኃይል ምንጮች በቀጥታ ያገናኛቸዋል፤ የትእዛዝ ማዕከሉ (ለዲጂታሉ ሐዲድ ኃይልና ትእዛዝ የሚልከው መሣሪያ) ወይም የዲሲ መቆጣጠሪያው፣ አለዚያም ሁለቱም ሊቃጠሉ ይችላሉ። ጥንቃቄ እናደርጋለን ማለት እዚህ ላይ አያስተማምንም፤ አንድ የተሳሳተ የሐዲድ መቀየሪያ ባቡሩን ወደዚያው ይመራዋልና። በሽግግሩ ጊዜ አናሎግ ሎኮሞቲቮችን ማስኬድ የግድ ከሆነ፣ መላውን መስመር በአንድ ጊዜ ከአንዱ ምንጭ አላቅቆ ከሌላው ጋር የሚያገናኝ፣ መካከሉ ላይ ጠፍቶ የሚቆም ባለሁለት ምሰሶ ስዊች ያስገቡ። ስዊቹ ከመገልበጡ በፊትም የማይመለከታቸው ሎኮሞቲቮች ሁሉ ከሐዲዱ ይነሱ።

የቀድሞው የሽቦ ሥራ በጅምላ መፍረስ የለበትም። ሁለቱን የዲሲ መቆጣጠሪያዎች ነቅለው በአንደኛው ቦታ የትእዛዝ ማዕከሉን ያገናኙ፤ የሁለተኛውን መግቢያ ባዶውን ይተዉትና የሁሉንም ብሎኮች ማብሪያ ማጥፊያ ወደ መጀመሪያው ያዙሩ። መስመሩ በዚያው ዲጂታል ሆነ ማለት ነው። የብሎኮቹ ክፍፍልም ከንቱ አይቀርም፤ ብልሽት ሲፈጠር አንድ በአንድ እያጠፉ ቦታውን ለመለየት እጅግ ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ የሽቦው ውፍረት በቂ መሆኑ መፈተሽ አለበት። ብዙ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የትእዛዝ ማዕከል በማማረጥ ላይ ያውላል፤ በእኛ እምነት ግን የዲጂታል መስመር አስተማማኝነት የሚወሰነው ከጠረጴዛው ሥር ባለው መዳብ ነው። የተለመደ የአናሎግ መቆጣጠሪያ የሚሰጠው 1 አምፔር አካባቢ ሲሆን፣ ለኤችኦ የሚሠሩ የዲጂታል ማዕከሎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 አምፔር ይሰጣሉ። ሾርት ሲፈጠር፣ ማለትም ሁለቱ ሐዲዶች በብረት በቀጥታ ሲገናኙ፣ ማዕከሉ ኃይሉን የሚያቋርጠው የሚፈሰው ጅረት ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ነው። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ግን በራሱ ተቃውሞ ጅረቱን ስለሚገድበው ማዕከሉ ሾርት መኖሩን ሳያውቅ ኃይል መስጠቱን ይቀጥላል። 5 አምፔር በ15 ቮልት 75 ዋት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት አንዲት ትንሽ ጎማ ሐዲዱን በነካችበት ነጥብ ላይ ሲያርፍ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ዲኮደርም ይቃጠላል።

ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር፣ የመስመሩን ርዝመት ተከትለው የሚሄዱ ሁለት ዋና ሽቦዎች ይዘርጉ። ለመካከለኛ መስመር 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ረዘም ላለው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ይበቃል። ከእነዚህ ዋና ሽቦዎች ወደ እያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አጭር መጋቢ ሽቦ አውጥተው ይበይዱ። ሐዲዶቹን የሚያጋጥሙት ትናንሽ የብረት ማያያዣዎች ሐዲዱን በመስመር ለመያዝ እንጂ ኃይል ለማስተላለፍ አይታመኑም፤ ከጊዜ ብዛት ይዝጋሉ፣ ይላላሉ። ዋናዎቹ ሽቦዎች የተለያየ ቀለም ይኑራቸው፤ ግራና ቀኝ እንዳይምታታም አንድ ፉርጎ ወስደው በአንደኛው ጎኑ ላይ የሽቦውን ቀለም ወረቀት ይለጥፉበትና፣ ሳያነሱ መስመሩን ሁሉ እየገፉ ያዙሩት። ወረቀቱ ባለበት በኩል ያለው ሐዲድ ዘወትር የዚያ ቀለም ነው።

ሽቦው ሲያልቅ ማዕከሉን አብርተው፣ ምንም ሎኮሞቲቭ ሳይኖር፣ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አንድ ሳንቲም ያጋድሙ። ማዕከሉ በቅጽበት ኃይሉን ማቋረጥ አለበት። ይህን በየብሎኩና በተለይም ከማዕከሉ በራቁ ጫፎች ላይ ይድገሙት። በአንድ ቦታ ላይ ሳንቲሙ እየሞቀ ኃይሉ ካልተቋረጠ እዚያ ተጨማሪ መጋቢ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ያ ሳይስተካከል ሎኮሞቲቭ አይውጣበት።

ሌላ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ። አንዳንድ አምራቾች ለአናሎግ በሚሸጧቸው የኃይል ማስገቢያ ሐዲዶች ውስጥ የሬዲዮ ረብሻ የሚከላከል ካፓሲተር ይደብቃሉ። ይህ ካፓሲተር የዲጂታሉን ምት ስለሚያበላሽ ክዳኑን ከፍተው ካፓሲተሩን ማውጣት፣ ወይም ያንን ሐዲድ በተራ ሐዲድ መተካት ያስፈልጋል።

የሎኮሞቲቮቹን ቅደም ተከተል በሚመለከት፣ አሁን በዲሲ ዝግ ብሎና ሳይቆራረጥ የሚሄደውን ያስቀድሙ። ዲኮደር የቆሸሸ ጎማን አያጸዳም፣ የላላ ጥርስም አያጠብቅም፤ እንዲያውም አናሎግ ላይ ለአፍታ መንተብተብ ብቻ የነበረው መቆራረጥ፣ ዲጂታል ላይ ዲኮደሩ ጠፍቶ እንዲነሣ ስለሚያደርገው ጎልቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ ለዲኮደር የሚሆን ሶኬት የሌላቸው የቆዩ ሎኮሞቲቮች አሉኝ። ራሴ ዲኮደር ልገጥምላቸው እችላለሁ? አንድ ወዳጄ ደግሞ «ዲኮደር ባይኖራቸውም በአድራሻ ዜሮ ማስኬድ ይቻላል» ብሎኛል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብንጀምር፣ ወዳጅዎ የነገሩዎት እውነት ነው። አንዳንድ የትእዛዝ ማዕከሎች ዜሮ የሚለውን ምት በአንድ ወገን አስረዝመው ዲኮደር የሌለውን አንድ ሎኮሞቲቭ ማንቀሳቀስ ይችላሉ። እኛ ግን አንመክርም። ሞተሩ ቆሞ እያለ እንኳ የሐዲዱ ሙሉ ቮልቴጅ እየተገለባበጠ ስለሚደርሰው ያለማቋረጥ ያንጎራጉራል፣ ይሞቃልም፤ በተለይ ኮርለስ የሚባሉት፣ የብረት እምብርት የሌላቸው ሞተሮች በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላሉ።

ዲኮደር መግጠሙን በሚመለከት፣ ብየዳ የሚችልና የማይቸኩል ሰው ይሠራዋል። ለሥራው ሁሉ መሠረት የሆነው አንድ ሕግ ነው፤ የሞተሩ ሁለት ካርቦን ብሩሾች ከዲኮደሩ በስተቀር ከምንም ነገር ጋር መገናኘት የለባቸውም። በብዙ የቆዩ ሎኮሞቲቮች ውስጥ ከብሩሾቹ አንዱ በሞተሩ የብረት አካልና በሻሲው በኩል በቀጥታ ከጎማዎቹ ጋር የተገናኘ ነው። ዲኮደሩ በዚህ ሁኔታ ከተገጠመ፣ የሐዲዱ ኃይል በሻሲው በኩል ወደ ዲኮደሩ መውጫ ተመልሶ ገብቶ ኃይል በተሰጠው ቅጽበት ያቃጥለዋል። ስለዚህ ብሩሹን ከብረቱ የሚለይ የፕላስቲክ መከለያ ማስገባት፣ ወይም ሞተሩን በፕላስቲክ ሉህ ላይ አስቀምጦ በናይለን ብሎን ማሰር ያስፈልጋል።

መለየቱን በዓይን አይመኑ። ቴስተሩን ሾርት ሲያገኝ ድምፅ ወደሚያሰማበት ቦታ አዙረው፣ አንዱን ጫፍ ብሩሹ ላይ፣ ሌላውን ተራ በተራ በግራና በቀኝ ጎማዎች ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያም ለሁለተኛው ብሩሽ ይድገሙት። ይህንን ሞተሩ ወጥቶ ሳለ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ በብሎኑ ከታሰረ በኋላም፣ ጎማዎቹን በእጅ እያዞሩ ያድርጉት፤ ሞተሩ ሲጠብቅ ብረቱን የሚነካ የብሎን ጫፍ ወይም የታጠፈ የብሩሽ ምላስ የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። ቴስተሩ አንዴ እንኳ ድምፅ ካሰማ ዲኮደሩን ከማሸጊያው አያውጡት። በሞተሩ ላይ የተበየደ የሬዲዮ ረብሻ መከላከያ ካፓሲተር ካለም ይነሣ፤ ዲኮደሩ የሞተሩን ፍጥነት የሚለካበትን ዘዴ ያዛባልና።

የዲኮደሩ አቅም የሚመረጠው ሞተሩ በሚፈልገው ጅረት ነው። ሎኮሞቲቩን በ12 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው፣ በመካከሉ አምፔር የሚለካ ቴስተር አስገብተው፣ ጎማዎቹ እንዳይዞሩ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ያግዱት። ያን ጊዜ የሚነበበው ሞተሩ ሊስብ የሚችለው ከፍተኛ ጅረት ነው። ለኤችኦ የሚሠሩ የተለመዱ ዲኮደሮች ያለማቋረጥ 1 አምፔር ገደማ ይችላሉ፤ የቆየው ሞተር ከዚያ በላይ ከሳበ ከፍ ያለ አቅም ያለው ዲኮደር ይፈልጉ ወይም ሞተሩን በአዲስ ይተኩ።

የዲኮደሩ ሽቦዎች ቀለም በደረጃ የተወሰነ ነው። ቀይ ከቀኙ ሐዲድ፣ ጥቁር ከግራው ሐዲድ ኃይል የሚቀበሉ ናቸው። ብርቱካንማና ግራጫ ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። ነጭ ለፊት መብራት፣ ቢጫ ለኋላ መብራት ሲሆን፣ ሰማያዊው የመብራቶቹ ሁሉ የጋራ ፖዘቲቭ ነው። የቆየው አምፖል አንድ እግሩ ከሻሲው ጋር የተገናኘ ከሆነ እሱም ይለይ፤ በምትኩ 1 ኪሎኦም ገደማ ሬዚስተር ያለው ኤልኢዲ ማስገባት ደግሞ ሙቀቱንም ያስቀራል። ሶኬት ያላቸውን አዳዲስ ሎኮሞቲቮች በሚመለከት ብዙ የሚባል የለም፤ ባለ8 ፒን፣ ባለ21 ፒን ወይም ኔክስት18 መሆኑን አይተው ተስማሚውን መሰካት ብቻ ነው።

ተገጥሞ ሲያልቅ ሎኮሞቲቩ በመጀመሪያ የሚወጣው ከዋናው መስመር በተለየ የፕሮግራም ሐዲድ ላይ ነው። በዚያ ሐዲድ ላይ ማዕከሉ የሚሰጠው ጅረት የተገደበ ስለሆነ፣ የሽቦ ስህተት ቢኖርም ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። አድራሻውን እንዲያነብ ማዕከሉን ይዘዙት፤ አዲስ ዲኮደር ከሆነ 3 ብሎ መመለስ አለበት። ዲኮደሩ መልስ የሚሰጠው ለሞተሩ ለቅጽበት ኃይል በመልቀቅ ስለሆነ፣ በሚያነብበት ጊዜ ሎኮሞቲቩ በጥቂቱ ንቅንቅ ሲል ያያሉ። ንባቡ ከተሳካ ኃይል መቀበሉም ሆነ የሞተሩ ግንኙነት ትክክል ነው ማለት ነው። ካልተሳካ መጀመሪያ ጎማዎቹን ያጽዱ፣ ቀጥሎ ብየዳውን ይመርምሩ፤ «እስቲ ዋናው መስመር ላይ ልሞክረው» የሚለውን ሐሳብ ግን አያስተናግዱ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱን አድራሻ ይስጡት፤ አጭሩ አድራሻ ሲቪ1 በተባለው የዲኮደሩ ማስታወሻ ውስጥ ይጻፋል። ሲቪ3 እና ሲቪ4 ደግሞ ባቡሩ ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚነሣና እንደሚቆም ይወስናሉ። ሲቪ29ን በተለይ አደራ እንላለን። ብዙ ዲኮደሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በዚህ ቦታ 6 ይይዛሉ፤ ይህም 28 ወይም 128 የፍጥነት ደረጃዎችን የሚያመለክተው 2 እና በአናሎግ መሄድን የሚፈቅደው 4 ድምር ነው። መስመርዎ ዲጂታል ብቻ ከሆነ 2 ብለው ይጻፉበት፤ ረጅም አድራሻ ለሚጠቀም ሎኮሞቲቭ ደግሞ 38 የነበረው 34 ይሁን። ይህ ካልተደረገ፣ ከሾርት በኋላ ኃይሉ ሲመለስ ዲኮደሩ የዲሲ ኃይል የመጣ መስሎት ሎኮሞቲቩ በሙሉ ፍጥነት ሊፈተለክ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወደ ዲጂታል ከቀየርኩ ወዲህ ባቡር በሐዲድ መቀየሪያ ላይ ሲያልፍ መላው መስመር ይጠፋል፤ በአናሎግ ጊዜ ይህ አልነበረም። ባቡሩ ዞሮ በመጣበት ሐዲድ የሚመለስበት ቀለበትም አለኝ። መቀየሪያዎቹንስ በዲጂታል ማዘዝ አለብኝ?

መልስ፦ ሾርቱ በአናሎግ ጊዜም እንደነበረ አይጠራጠሩ። የቆዩ መቆጣጠሪያዎች መከላከያ ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ለቅጽበት የሚፈጠረው ሾርት ከመታወቁ በፊት ባቡሩ አልፎ ይሄድ ነበር፤ የዲጂታል ማዕከል ግን በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ያቋርጣል። ክፍሉን አጨልመው አንዱን ሎኮሞቲቭ በዝግታ ያሳልፉና ብልጭታው ከየት እንደሚወጣ ይመልከቱ። ብልጭታው ሐዲዶቹ ከሚሻገሩበት የፕላስቲክ ሹል ጫፍ አጠገብ ከሆነ፣ ሰፊ ጎማ ተቃራኒ ፖላሪቲ ያላቸውን ሁለት ሐዲዶች በአንድ ላይ እየነካ ነው፤ በዚያች ነጥብ ላይ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ስስ አድርጎ መቀባት ለጊዜው ያስታግሰዋል። ብልጭታው ከተከፈተው የመቀየሪያው ምላስ (ከተንቀሳቃሹ ሐዲድ) ጀርባ ከሆነ ደግሞ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ጠቧል፤ በመለኪያ ፈትሸው ያስተካክሉት። ሐዲዶቹ የሚሻገሩበት መስቀለኛው ራሱ ብረት የሆነ መቀየሪያ ከሆነ ከመስቀለኛው በኋላ ያሉት ሁለቱም ሐዲዶች በክፍተት መለየት አለባቸው፤ የመስቀለኛው ፖላሪቲም ከምላሱ ጋር አብሮ በሚገለበጥ ስዊች ይመገብ።

ቀለበቱ በዲጂታል ሥርዓት ከቀድሞው ይልቅ ቀላል ነው። የቀለበቱን ሁለት ጫፎች፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለቱንም ሐዲዶች ቆርጠው ይለዩና ኃይሉን በአውቶማቲክ ፖላሪቲ ገልባጭ በኩል ያስገቡ። ገልባጩ ባቡሩ ክፍተቱን ሲነካ የሚፈጠረውን ሾርት አውቆ ወዲያው የቀለበቱን ፖላሪቲ ይገለብጣል፤ በዲጂታል ሥርዓት የባቡሩ አቅጣጫ በሐዲዱ ፖላሪቲ ስለማይወሰን ባቡሩ ሳይቆም ጉዞውን ይቀጥላል። የተለየው ክፍል ግን ከረጅሙ ባቡርዎ መብለጥ አለበት፤ የባቡሩ ግንባር በአንዱ ክፍተት፣ ጅራቱ በሌላው ላይ በአንድ ጊዜ ካረፉ ገልባጩ የትኛውን እንደሚያስተካክል አያውቅም። ማዕከሉ ቀድሞት እንዳያቋርጥም የገልባጩ መነሻ ጅረት ከማዕከሉ ያነሰ ሆኖ ይስተካከል።

መቀየሪያዎቹን በዲጂታል ማዘዝ ግዴታ አይደለም፤ እኛ ባሉበት እንዲቀሩ እንመርጣለን። የቀድሞው ትራንስፎርመር የኤሲ መውጫ እነሱን መመገቡን፣ ነባሮቹ ቁልፎችም ማገልገላቸውን ይቀጥሉ። ከጊዜ በኋላ በማዕከሉ ለማዘዝ ቢወስኑ እንኳ፣ ለመቀየሪያዎቹ ዲኮደሮች ኃይሉን ከሐዲዱ አይውሰዱ። ባቡር ባልተስተካከለ መቀየሪያ ላይ ገብቶ ሾርት ሲያደርግ ሐዲዱ ይጠፋል፤ መቀየሪያውም ኃይሉን ከዚያው ሐዲድ የሚያገኝ ከሆነ ለማስተካከል የሚሰጡትን ትእዛዝ መፈጸም አይችልም፤ ባቡሩን በእጅ እስኪያነሡትም ድረስ መስመሩ አይበራም።